ከደጃፍ ወዲያ

ቦሌ ውስጥ «ጃፓን» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ከኤምባሲው ነው። «ጃፓን ጋ ወራጅ አለ!» ብሎ ከሚኒባስ የሚወርደው ተሳፋሪ ስለ ፉጂ ተራራም ሆነ ስለ ሳሙራይ ጎራዴ እያሰበ አይደለም፤ ወደ ቤቱ መግባቱ ነው። የተሳፈረበት ሚኒባስም ብዙውን ጊዜ የጃፓን ሥራ ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ በገርጂም በሉት በሰሚት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በስልኩ «ናሩቶ»ን ወይም «ዋን ፒስ»ን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ከፊልሙ የለቃቀማቸውን የጃፓንኛ ቃላትም ከጓደኞቹ ጋር ይለዋወጣል። አባቱ ደግሞ ስለ ጃፓን በተነሣ ቁጥር ከአባቶቹ የወረሰው አንድ ጥያቄ አለው፦ «እነሱ እንዲያ ሲሆኑ እኛ ለምን እንዲህ ሆነን ቀረን?»

ይህ ጥያቄ የመቶ ዓመት ባለጠጋ ነው። የዘመኑ ግጥምጥሞሽ ያስደንቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ሽጉጣቸውን የጠጡበት 1860 ዓ.ም. በጃፓን የሜጂ ዘመን የባተበት ዓመት ነው። እኛ አገር ለመድፍ ሲል የውጭ ባለሙያዎችን አስሮ ያሠራ ንጉሥ ሞተ፤ እዚያ ደግሞ የአዲሱ መንግሥት ሰዎች መድፉንም፣ ፋብሪካውንም፣ ትምህርት ቤቱንም በዓይናቸው ለማየት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ለመጓዝ አራት ዓመት እንኳ አልቆዩም። ከዚያ ወዲህ የእኛ አዋቂዎች ዓይናቸውን ከጃፓን አልነቀሉም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በአርአያነት አነሧት። በ1923 ዓ.ም. የታወጀው፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ከሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ቀድቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ቶኪዮ ድረስ ሄደው ንጉሠ ነገሥቱን አገኙ፤ ተመልሰውም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ከነጻነት በኋላም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ሲሉ በ1946 ዓ.ም. ጻፉ። የታሪክ ምሁራን የኅሩይን ዘመን ሊቃውንት «ጃፓናይዘሮች» የሚሏቸው በከንቱ አይደለም።

የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ማዕከል «ጃፓን ምን አድርጋ ጠነከረች?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አገር በሚያሠጋ ዘመን ሌላ ምን ይጠየቃል? እኔ ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ግን ከዚያ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ይመስለኛል። ስለ ጃፓን ስናወራ ሁላችንም የምናደንቀው ሥርዓቱን ነው፤ ሰልፉን፣ ንጽሕናውን፣ ሰዓት አክባሪነቱን፣ እጅ መንሣቱን። ለመሆኑ ሥርዓት በራሱ ምግባር ነው ወይ? ሥርዓት ያለው ሕዝብ ሁሉ መልካም ሕዝብ ነው ማለት ይቻላል?

እስቲ ከሻይ እንጀምር። የጃፓን የሻይ ሥርዓት ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት ሲሆን፣ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ሊቅ ሴን ኖ ሪኪዩ ነው። በዚህ ሥርዓት የሻይ ቤቱ ጎጆ ይመስላል። በሩ ጠባብና ዝቅ ያለ በመሆኑ ገቢው ማንም ይሁን ማን ጎንበስ ብሎ፣ ሊንፏቀቅ ጥቂት ሲቀረው ይገባል፤ ጦረኛውም ጎራዴውን ውጭ ሰቅሎ ነው። ውስጥ ከገቡ በኋላ ጌታና ሎሌ የሚባል ነገር ይላላል። ፍሙ፣ የውሃው ድምፅ፣ የጽዋው አያያዝ፣ የአንዲት አበባ አቀማመጥ ሁሉ ታስቦበታል። እንግዳና አስተናጋጅ እንደዚያ ሆነው ዳግመኛ አይገናኙምና ያቺን ቅጽበት እንደ መጨረሻዋ ያከብሯታል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ተጫጭሶ፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ቡናው እፊታችን ታጥቦና ተቆልቶ፣ ሽታው ለእያንዳንዱ ሰው በየተራ ሲቀርብለት ያደገ ሰው የሻዩን ነገር ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ መቀመጥ ጊዜን ለሰው መስጠት ነው። እናቶቻችን ሲኒ የሚያጥቡበትና የሚደረድሩበት ጥንቃቄ ከማንኛውም የሻይ ሊቅ ጥንቃቄ አያንስም። «እኛ ሥርዓት የለንም» የሚለውን የዘወትር እሮሮ እኔ የማልቀበለው ለዚህ ነው። ሥርዓት ሞልቶናል። ጥያቄው ሥርዓታችን የት ላይ ያበቃል ነው።

ቡናው ከተጠጣ በኋላ የሚሆነውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሲኒው ይለቀለቃል፤ እጣቢውና አተላው ከደጃፍ ወዲያ ይደፋል። ከደጃፍ ወዲህ ያለው የእኛ ነው፤ ይጠረጋል፣ ይጎዘጎዛል፣ ይታጠናል። ከደጃፍ ወዲያ ያለው ግን የማንም ነው። ከመገናኛ በስተምሥራቅ እስከ አያት ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ሰው የምለውን ያውቀዋል። አንዱን በር ከፍታችሁ ስትገቡ ወለሉ ፊት ያሳያል፤ ጫማ አውልቃችሁ ካልገባችሁ ትሳቀቃላችሁ። በሩን ዘግታችሁ ስትወጡ ግን ደረጃው ላይ የሙዝ ልጣጭ፣ የተቀዳደደ ፌስታልና ካቻምና የተቃጠለ አምፖል ይቀበሏችኋል። የቤቱም የደረጃውም ባለቤቶች ያው አንድ ሰዎች ናቸው።

ጃፓን ውስጥ ተማሪዎች ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ። ጃፓናውያን የኳስ ተመልካቾች በ1998 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ በሄዱበት ወቅት ቡድናቸው ተሸንፎ እንኳ የተቀመጡበትን ቦታ አጽድተው ወጡ፤ ከዚያም ወዲህ ይኸው ልማዳቸው ሆኗል። በ2003 ዓ.ም. መጋቢት መጀመሪያ ላይ ያ አስፈሪ ማዕበል ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን ባጠፋበት ጊዜ፣ ከፍርስራሽ ውስጥ የተገኙ ብዙ የገንዘብ ካዝናዎች ለፖሊስ እየተሰጡ ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። እነዚህ ወሬ ማሳመሪያዎች አይደሉም፤ እውነት ናቸው።

ታዲያ ጃፓናዊው ከእኛ የተሻለ ልብ ስላለው ይሆን? እዚህ ላይ መቸኮል አያሻም። ሩት ቤኔዲክት የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ምሁር በ1946 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ታዋቂ መጽሐፏ፣ የጃፓን ባህል ከኅሊና ወቀሳ ይልቅ በእፍረት ላይ የቆመ ነው ብላ ነበር፤ ሰው ጥፋትን የሚሸሸው ሌሎች ምን ይሉኛል ብሎ ነው ማለቷ ነው። ጃፓንን በአካል ሳታይ የጻፈችው በመሆኑ ብዙ ተተችታበታለች። እኛ ግን ለዚህ ነገር መጽሐፍ አያስፈልገንም፤ በአንድ ቃል እንጠራዋለን፦ ይሉኝታ።

ይሉኝታ ትልቅ ሥራ ሠርቶልናል። ዕድር ያቆመው፣ ልቅሶ ያደረሰን፣ የጎረቤትን ልጅ ያስመከረን እሱ ነው። ነገር ግን ይሉኝታ ዓይን ይፈልጋል። የሚያየን፣ የሚያውቀን፣ ነገ ስማችንን የሚያነሣ ሰው ካለ ይሠራል። የድሮው ሰፈር ዓይኖች የሞሉበት ነበር፤ እማማ እገሊት በመስኮት ያያሉ፣ ባለሱቁ ያያል፣ የነፍስ አባት ይሰማሉ። ዛሬ ግን ከተማው ወደ ምሥራቅ ተስፋፍቶ፣ ከፒያሳም ከካዛንቺስም ከአራት ኪሎም የተነሣው ሰው በዕጣ እየተደለደለ በአንድ ደረጃ ላይ ተገናኘ። ከላይ ያለው የታቹን ስም አያውቅም። ዓይኑ ጠፋ፤ ይሉኝታውም አብሮ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ፈተና የሚመጣው፦ ማንም በማያየን ቦታ፣ ለማናውቀው ሰው ስንል ምን እናደርጋለን?

ጃፓን ይህን ፈተና አልፋዋለች የሚል ካለ ታሪኳን አላነበበም። ኅሩይ ቶኪዮ በገቡበት ሰሞን ያ የሚደነቀው ሥርዓተኛ ሠራዊት ማንቹሪያን እየወረረ ነበር፤ ወረራው የተጀመረው በዚያው በመስከረም 1924 ዓ.ም. ነው። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ በቻይና በናንኪንግ ከተማ የፈጸመው ጭፍጨፋ እስከ ዛሬ ያስደነግጣል። ወደ እኛም እንምጣ። የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ጊዜ ብዙ የጃፓን ሕዝብ ለኢትዮጵያ አዝኖ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ልጅ አርአያ አበበ ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል ጃፓናዊት ሊያገቡ ታስቦ፣ ጋብቻው ሳይፈጸም ቢቀርም፣ የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት የዓለም ጋዜጦች ወሬ ሆኖ ነበር። ነገር ግን በ1929 ዓ.ም. መንግሥቱ አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኑን ወደ ቆንስላነት ዝቅ አድርጎ የኢጣሊያን ወረራ ተቀበለ። በምላሹም ኢጣሊያ የጃፓንን የማንቹሪያ ይዞታ ዕውቅና ወደ መስጠቱ አዘነበለች። እንዲህ ዓይነቱ ውል በጥሩ ወረቀት፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ በሰዓቱ፣ ሥርዓቱን ጠብቆ የሚፈጸም ነው። ሥርዓት ነበረ፤ ከደጃፍ ወዲያ ያለው ሰው ግን አልታየም።

የሥርዓት ጨካኝ ፊት የሚታየው በጠላት ላይ ብቻም አይደለም። ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ፣ የደከመው ሳይመስል ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሁላችንም በፊልም አይተነዋል። በዚያ ቀን ሁለተኛ ሆኖ ስታዲዮም የገባው ኮኪቺ ፁቡራያ የሚባል ጃፓናዊ ወታደር ነበር። የአገሩ ሰው እየጮኸለት፣ መጨረሻው መስመር ሊታየው ሲል እንግሊዛዊው ሂትሊ ቀድሞት ሦስተኛ ወጣ። ነሐስ ነው፤ ማንም የሚደሰትበት። ፁቡራያ ግን በሕዝቡ ፊት ይቅር የማይባል ጥፋት እንዳጠፋ ቆጠረው፤ በሜክሲኮ ሊክሰውም ቃል ገባ። ጉዳት ደረሰበት፤ ሊያገባት ያሰባት ልጅም በበላዩ ተቃውሞ ቀረችበት። በ1960 ዓ.ም. ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ ሳለ ራሱን አጠፋ። ትቶት በሄደው ደብዳቤ እያንዳንዱ ዘመዱ ያበላውን ምግብ በስም እየጠራ ያመሰግናል፤ ከዚያም ደክሞኛል፣ ከእንግዲህ መሮጥ አልችልም ይላል።

አበበም በበኩሉ ሜክሲኮ ላይ እግሩን አመመው፤ አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ወጣ፣ ድሉንም ማሞ ወልዴ ወሰደ። አበበን ማንም «ለምን አልሞትክም?» አላለውም። ከጥቂት ወራት በኋላ በመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ ሲሉት እንኳ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ የቀስት ውድድር ውስጥ ገባ። ሁለቱም ወታደሮች ነበሩ፣ ሁለቱም በአንድ የሽልማት መድረክ ላይ ቆመዋል። የልዩነታቸው ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ እኛ የበለጠ ደጎች ነን ብዬ ለመደምደም አይቃጣኝም። የምለው አንድ ነው፦ ሰውን ከነድካሙ የማያቅፍ ሥርዓት፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

በእኔ አስተያየት የዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው የሚያዩት ጃፓን፣ አባቶቻችን በመጽሐፍ ካዩት ጃፓን የሚሻልበት አንድ ነገር አለ። ራሷን የምትወቅስ ጃፓን ናት። የሚያዛኪ ሐያኦ «ስፒሪትድ አዌይ» የተባለው በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም ለዚህ ምስክር ነው። ታሪኩ የሚካሄደው መናፍስት በሚታጠቡበት መታጠቢያ ቤት ነው። አንድ ቀን አስቀያሚ፣ የሚከረፋ፣ ጭቃ የሚያንጠባጥብ እንግዳ ይመጣል፤ ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል። አገልጋይ የሆነችው ትንሽ ልጅ ግን ቀርባ ታጥበዋለች። ጎኑ ላይ እንደ እሾህ የተሰካ ነገር ታገኛለች፤ ስትጎትተው ብስክሌት ነው፤ ከብስክሌቱ ጀርባም የከተማ ሰው የጣለው ቆሻሻ ሁሉ ተከታትሎ ይወጣል። እንግዳው ለካ የወንዝ መንፈስ ኖሯል! ሚያዛኪ ይህን ትዕይንት የሳለው ራሱ ወንዝ ሲያጸዳ ካየው ተነሥቶ ነው።

ይህን ፊልም የሚያይ የቦሌ ልጅ ከቀበና ወርዶ በቡልቡላ በኩል ወደ አቃቂ የሚሄደውን፣ ለዓመታት የእያንዳንዳችንን «ከደጃፍ ወዲያ» ሲሸከም የኖረውን ወንዝ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጃፓንም የራሷን ወንዝና ባሕር በድላለች። ሚናማታ በምትባል ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ለአሥርት ዓመታት ሜርኩሪ የቀላቀለ ፍሳሽ ወደ ባሕር ለቅቆ፣ ዓሣውን የበሉ ዓሣ አጥማጆችና ልጆቻቸው ሽባ ሆነዋል፤ ሞተዋልም። በሽታው በ1956 እ.ኤ.አ. በይፋ ከታወቀ በኋላ እንኳ ፍሳሹ ለመቆም አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ከአጥሩ ወዲህ ሥርዓትና ምርት፣ ከአጥሩ ወዲያ መርዝ። የእኛ የሲኒ እጣቢና የእነሱ ሜርኩሪ በመጠን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው።

ወደ ካይዘን ልምጣ፤ ምክንያቱም ጃፓን ዛሬ በመሥሪያ ቤቶቻችን የምትታወቀው በዚህ ስም ነው። ከ2000 ዓ.ም. የዮኮሃማ የአፍሪካ ልማት ጉባኤ በኋላ መንግሥት ሐሳቡን ወደደው፤ በሠላሳ ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. አካባቢም ተቋም ተቋቋመለት። አምስቱ «ማ»ዎች በየግድግዳው ተለጠፉ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ብዙ ቦታ ጠቅሟል። ነገር ግን ሰዎች ካይዘንን ዕቃ መደርደር አድርገው ሲያዩት ይቆጨኛል። የቶዮታ ፋብሪካ የታወቀበት ነገር መደርደሪያው አይደለም፤ ገመዱ ነው። መኪና በሚገጣጠምበት መስመር አጠገብ ገመድ ተዘርግቶ፣ ተራው ሠራተኛ ጉድለት ካየ ይጎትተዋል፤ ችግሩ እዚያው ካልተፈታም መስመሩ ይቆማል። ሐሳቡ የመጣው ሳኪቺ ቶዮዳ ከሠራው የሽመና መኪና ነው፤ አንድ ክር ሲበጠስ መኪናው ራሱ ይቆማል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ይህን ይረዳዋል፤ ድሩ ተበጥሶ እያየ መወርወሪያውን አይወረውርም።

ገመዱ የሚነግረን ምንድን ነው? የበታቹ ዓይን ያየው ጉድለት የበላዩን ሥራ ያስቆማል። ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው፣ ማለትም ለሚቀጥለው ሠራተኛና ስሙን ለማናውቀው ገዢ፣ የተበላሸ ነገር አላሳልፍም ማለት ነው። እንግዲህ ሥርዓት ምግባር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ታዛዥነት ብቻ ከሆነ ማንቹሪያም ያደርሳል። እፍረት ብቻ ከሆነም ፁቡራያን ይገድላል። የማይታየውን መጪ ሰው ያሰበ ሥርዓት ግን ከታዘዘው ሁሉ በላይ ዋጋ አለው። አምስቱን «ማ»ዎች ለጥፎ ገመዱን ለተራው ሠራተኛ ያልሰጠ አለቃ ከጃፓን የወሰደው ልጣጩን ነው።

«ይህ ደግሞ ከእኛ ባህል የራቀ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። እኔ በምኖርበት ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ጠዋት ጠዋት የራሳቸውን ደጃፍ ይጠርጉና አያቆሙም፤ ደረጃውን እስከ መሬት ድረስ ይወርዱበታል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ወገባቸውንም ያማቸዋል። አንድ ቀን «እማማ፣ የታችኛውን የታች ሰዎች አይጠርጉትም? ለምን ይደክማሉ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ወደኔ የሚመጣ እንግዳ በታችኛው አይደል እንዴ የሚወጣው?» አሉኝ።

ስለዚህ መልስ ብዙ አስቤያለሁ። እማማ ስለ ሕዝብ ንብረት፣ ስለ ዜግነት ግዴታ ምንም አላነሡም። ያነሡት ሁላችንም የምናውቀውን፣ ሁላችንም የምንኮራበትን ነገር ነው፦ እንግዳን። እንግዳ ለእኛ ቅዱስ ነው። ነገር ግን ስለ እንግዳ ክብር ያለን ግንዛቤ እንግዳው በራችንን ካንኳኳበት ሰዓት ይጀምራል። እሳቸው ግን ከአንኳኳበት ወደ ኋላ ሄደው፣ ከመንገዱ ጀመሩት። እንግዳው በደረጃው ይወጣል፤ ወደ ደረጃው በመንገዱ ይመጣል፤ መንገዱም ወንዙን ይሻገራል። እንዲህ እያሉ ቢሄዱ ማቆሚያው የት ነው? ማቆሚያ የለውም፤ ነገሩም ያ ነው።

እንግዲህ «ለምን እንደ ጃፓን አልሆንንም?» የሚለውን ጥያቄ ለልጆቻችን ባናወርሳቸው እመርጣለሁ። ጥያቄው አንድን ሕዝብ መሰላል አድርጎ ከማየት ይመነጫል። የሻይ ጎጆውንና ናንኪንግን፣ የተመለሰውን ካዝናና ሚናማታን በአንድ ላይ የያዘችው ጃፓን መሰላል ልትሆነን አትችልም፤ እንደኛው ሰው ናት፣ ደጃፏን አንዳንዴ እያሰፋች አንዳንዴ እያጠበበች የኖረች። ከእሷ የምንማረው ካለ፣ የአንድ ባህል ትልቅነት የሚለካው ቤቱን በማሳመሩ ሳይሆን «የኔ» ብሎ የሚጠርገው ቦታ የት ድረስ እንደሚሄድ መሆኑን ነው። ይህንንም ቢሆን ለመማር ቶኪዮ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። እማማ ነገ ጠዋትም መጥረጊያቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ወገባቸው ግን ከዓመት ዓመት ይብስባቸዋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ መጥረጊያውን የሚቀበላቸው ማን ነው?